ሰፊ ጣውላ ካማረሽ

ቆይ፣ ቀብድ እንዳትከፍዪ! ስልክሽ ላይ ያሳየሽኝ ወለል እኔንም አምሮኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ፎቶው የተነሳበት ቤት የነቀምቴን ክረምት አያውቀውም፤ የወለጋን ምስጥማ ጭራሽ።

የኔን አይተሽው የለ? ጊምቢ ቤቱን ስንጨርስ 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ከመሰንጠቂያው እንደወጣ በሐምሌ አስነጠፍኩ። ያን ቀን በመካከሉ ምላጭ አያሳልፍም ነበር። ጥር ላይ ልጄ የጣለው ዝርዝር አንድ ብር በስንጥቁ ቁልቁል ገባ፤ እስካሁን ከጣውላው ሥር ነው። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። 20 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ከሸሸ፣ 10 ሳንቲ ሜትሩ የሚሸሸው ግማሹን ነው። እኔን ከሰማሽ 12 ለሳሎንሽ ይበቃል።

ድርቀቱን ደግሞ ከሻጩ አፍ አትስሚ። በጥላ፣ በየመደዳው መሃል ዘንግ እየገባ ይደርደር፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ከክምሩ መሃል አንዱን ምልክት አድርጊበትና በየሁለት ሳምንቱ የቡና ነጋዴው ሚዛን ላይ አውጪው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ዋንዛ ካገኘሽማ (እማዬ ወዴሳ የምትለው) ደስታዬ ነው፤ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፣ ምስጥም ልቡን ቶሎ አይደፍረውም። ልቡን ነው ያልኩሽ! ጫፉን ገልብጠሽ እዪ፤ ቡናማው ልቡ ነው፣ ነጣ ያለው ዳር ግን ለምስጥ ቁርስ ነው። ዛፉ በሕግ የሚጠበቅ ስለሆነ የፈቃድ ወረቀቱን ጠይቂ፤ «ከጓሮዬ ነው» ማለት ወረቀት አይሆንም።

መንዲና ነጆ ምሰሶው ተበልቶ ቤቱን ያደሰ ስንት ዘመድ አለን! ምስጡ ከመሬት ተነስቶ በግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሊሾው ሳይፈስ የመሠረቱን አፈር ባለሙያ መድኃኒት ይርጨው። ጣውላው በሞራሌ ላይ የሚመታ ከሆነ ከሥሩ አየር ማስገቢያ ይተውለት፣ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኖ። የተቃጠለ ዘይት ቀቢው የሚልሽን አትስሚ፤ ሳሎንሽ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።

ሊሾውም ራሱ ይድረቅ። ላስቲክ አንጥፊና ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቂው፤ በማግስቱ ስትገልጪው ውስጡ ጠል ከያዘ ገና ነው። አናጢው በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲተው እንዳትጮኺበት። ዞኮሎው ይሸፍነዋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ካጣ ግን ወደ ላይ ይነሳል። ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ ክርክር የለም።

አሁን መስከረም ነው። ጣውላውን ግዢና ደርድሪው፣ አናጢውን ለከርሞ ኅዳር ቅጠሪው። እስከዚያ ሊሾው ላይ ሰሌን አንጥፊ፤ እንግዳ ከመጣም ሰሌኑ ላይ ቡና እናፈላለታለን።