ስለ ስልክና ስለ መምህር

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር (የሐዋ. ሥራ ምዕ. 8)። መጽሐፍ አልጎደለበትም፤ ማንበብም አልጎደለበትም። የጎደለው የሚመራው ሰው ነበርና ፊልጶስ ወደ ሠረገላው እንዲቀርብ ታዘዘ። ዛሬ በትምህርት ቤት ስለ ገባው ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ስንናገር መነሻችን ይህ ታሪክ ይሁን።

አንዳንዶች ይህ መሣሪያ ከልጆች ፈጽሞ ይራቅ ይላሉ፤ ሌሎችም ስልክ የያዘ ልጅ መምህር አያሻውም ብለው ያስባሉ። እኛ ግን ከሁለቱም አንስማማም።

ምክንያታችንን ከጋይንት እናመጣለን። በዚያ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት መሆናቸው የታወቀ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ሲወርድ ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠሩለት። ምልክቱ በጊዜው አዲስ ነገር ነበር፤ ሆኖም ምልክት መጣ ተብሎ መምህሩ አልተሰናበተም። ይዘቱንና ደረቱን፣ ድፋቱንና ርክርኩን በብራና ላይ ያየ ተማሪ፣ ከመምህሩ አፍ ካልሰማና ራሱ ዜሞ ካልታረመ ዜማ አይሆንለትም። በሌላ ጉባኤ የተማረውም ቤተልሔም ገብቶ የሚያስመሰክረው መጽሐፍ አጥቶ ሳይሆን የሚያርመውና የሚመሰክርለት መምህር ሽቶ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤትም የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ፕላዝማ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያነሣ አይቆምለትም። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ተሰረዘ፤ በኩራዝ ሲያጠና የከረመው የድኻ ልጅም ካልደከመው ጋር እኩል እንደገና ተፈተነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በስልክ ብቻ የተያዘ ዕውቀት ከመሥመሩ ጋር ይቋረጣል፤ በልብ የተያዘውን ግን ማንም አይዘጋውም።

ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ መምህራን ሆይ፣ መሣሪያውን አትናቁት፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ተማሪ ትልቅ ረድኤት ነውና። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የምታስተምሩ ወደ ንፋስ መውጫ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ ስትወጡ ትምህርቱን በስልካችሁ አስቀምጣችሁ ተመለሱ፤ አንዱ ስልክ ለመላው ክፍል ይበቃል። በሚያስፈልግበት ሰዓት ይውጣ፤ ሲፈጸም ይዘጋ። ልጁም ያየውን ሳያይ በራሱ ቃል ይመልስ፤ የተሳሳተውንም እናንተ አርሙት። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።

ወላጆችም ልጃችን ስልክ የለውም ብላችሁ አትዘኑ፤ ለዚያም ብላችሁ የእርሻ በሬያችሁን አትሽጡ። ልጃችሁ ማታ ሲመጣ ዛሬ ምን ተማርህ፣ ምንስ ተማርሽ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጭ ብላችሁም አድምጡ። ይህን መሣሪያው አያደርግላችሁም።

ልጆቻችንን የሚመራ ፊልጶስን አያሳጣን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።