የሰው ህዋስ በብልቃጥ ውስጥ፦ ከፍታችን የሚለውጣቸው ቁጥሮች

መቱ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ያህል፣ ማለትም 83.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ባቄላ የሚቀቅል ሰው ልዩነቱን በማገዶው ያውቀዋል። ይኸው ግፊት የሰውን ህዋስ ከሰውነት ውጭ በማኖር ረገድም ትልቅ ድርሻ አለው።

ህዋስ ከሰውነት ውጭ እንዴት ይኖራል?

እ.ኤ.አ. በ1951 በባልቲሞር ከተማ፣ ሄንሪኤታ ላክስ ከተባለች ታካሚ የማኅፀን በር ካንሰር ፈቃዷ ሳይጠየቅ የተወሰዱ ህዋሳት እስከ ዛሬ ይራባሉ። እንዲህ ሳያቋርጥ የሚራባ የህዋስ ወገን ሴል ላይን ይባላል። ጤናማ ህዋስ ግን ከ50 ጊዜ ገደማ ክፍፍል በኋላ መራባቱን ያቆማል።

ህዋሳቱ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ጨውና ሴረም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ይቀመጣሉ። ፈሳሹ በየጥቂት ቀኑ ይለወጣል። ብልቃጡን ሲሞሉት ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ተላቅቀው ወደ አዲስ ብልቃጥ ይከፋፈላሉ። ለረጅም ጊዜ የሚቆዩትም በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዙ ቆይተው፣ የከብት አዳቃይ ባለሙያዎች አባለዘር ይዘው በሚዞሩበት ዓይነት የፈሳሽ ናይትሮጅን ዕቃ ውስጥ ይከተታሉ።

ሁለት የሚስተካከሉ ቁጥሮች

የመጀመሪያው ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ነው። መመሪያው ከአካባቢው አየር በላይ 103 ኪሎ ፓስካል ግፊት 121 ዲግሪ እንደሚሰጥ ይናገራል። መቱ ላይ ግን አጠቃላዩ ግፊት 187 ኪሎ ፓስካል ብቻ ስለሚሆን እንፋሎቱ ከ118 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ መለኪያው ወደ 121 ኪሎ ፓስካል ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ከሙቀቱ የተረፈ ተህዋስ የሳምንታት ድካም ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ በፈሳሹ ካለው ባይካርቦኔት ጋር ሆኖ ፒኤቹን 7.4 አካባቢ ይጠብቃል። ውጭ አገር የተማርኩበት ከተማ በባሕር አጠገብ ስለነበረ፣ «5 በመቶ» የሚለውን የተለመደ ቁጥር ሳልመረምር ተቀብዬው ነበር። ሆኖም በፈሳሹ የሚሟሟውን መጠን የሚወስነው መቶኛው ሳይሆን የጋዙ ከፊል ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 5 በመቶ 5.1 ኪሎ ፓስካል ሲሆን መቱ ላይ 4.2 ብቻ ነው። ፒኤቹ በ0.08 ይጨምራል፤ ጥቂት ቢመስልም የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በ18 በመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። መፍትሔው መጠኑን ወደ 6 በመቶ ማሳደግ ነው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ 6.7 በመቶ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከሰው ደም የተለዩ ህዋሳትን እያቆየ ሥጋ ደዌንና ሳንባ ነቀርሳን ሲያጠና ኖሯል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ከመጽሐፍ የተገኘ ቁጥር የት እንደተለካ ሳትጠይቁ አትጠቀሙበት። የህዋሱ ሕይወት በመልሱ ላይ ሊመሠረት ይችላልና።

መልመጃ፦ ጎሬ ላይ የአየር ግፊቱ 79 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ስንት በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል? (መልስ፦ 6.4 በመቶ ገደማ)