ሰርቪስ በማን ስም ይገባል?

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ማንም ሳይገባ ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ሰርቪስ ይባላል። እናንተ የምትከፍቱት የኔትወርክ ፎልደር ለሰርቪሱ ለምን ይዘጋበታል? ጉዳዩ የማንነት ነው። «ሎካል ሲስተም» በተባለው መለያ የሚሠራ ሰርቪስ በገዛ ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ ቢችልም፣ በዶሜይኑ ውስጥ ወዳለ ሌላ ሰርቨር ሲሄድ የሚታወቀው በኮምፒውተሩ ስም ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የሚሰጠው በዶላር ምልክት ለሚያበቃው ለዚሁ የኮምፒውተር መለያ ነው፤ ያውም በሁለት ቦታ፣ በማጋሪያውም በፎልደሩም ላይ። ለሁሉም ሰው መክፈት ሥራውን ያስኬዳል፤ ፎልደሩ የፈተና ውጤት የያዘ ቢሆንስ? የተሻለው ለሰርቪሱ የተለየ መለያ መስጠት ነው፤ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ የይለፍ ቃሉ በራሱ የሚለወጥ ዓይነት አለ። በነገራችን ላይ፣ «ዜድ» ብላችሁ የሰየማችሁትን የኔትወርክ ድራይቭ ሰርቪሱ አያየውም፤ የሰርቨሩንና የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ጻፉለት።