ስለ ጎንደር የማስተማሪያ ሆስፒታል ታሪክና አገልግሎት

ሐኪም ቤት ሲባል በብዙ ሰው አሳብ የሚመጣው አልጋ፥ መድኃኒትና ነጭ ልብስ የለበሰ ሐኪም ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ግን ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ተግባር አለው፤ ይኸውም ዛሬ በሽተኛውን እያከመ፥ ነገ የሚያክሙትን ሰዎች ማሠልጠን ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ የሚለካው በበሩ በገቡት ሕሙማን ቍጥር ብቻ ሳይሆን፥ ተምረው ወደየገጠሩ በተሠማሩት ባለሙያዎችም ጭምር ነው። ለዚህም የጎንደር ሆስፒታል ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

የምሥረታው ምክንያት

ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን የሚገኘው የደምቢያ ሜዳ እህል የሚያፈራ ለም አገር ነው። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ ውሃ በየረባዳው ሲቈይ የወባ ትንኝ ይራባበታል። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ወባ በየጊዜው በማይቋረጥበት ቈላ የሚኖር ሰው ከዕድሜ ብዛት ጥቂት የመቋቋም ኃይል ያገኛል፤ በሽታው አልፎ አልፎ ብቻ በሚመጣበት አገር ያለው ሰው ግን ይህ ኃይል ስለሌለው፥ ሕፃኑም ጐልማሳውም በአንድነት ይወድቃል። ንዳዱም የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ ማለት አዝመራው በሚደርስበት ወራት ነው። ቤተ ሰቡ በሙሉ ታሞ በተኛበት ቤት የደረሰውን እህል የሚሰበስብ ስለማይገኝ፥ ከበሽታው የተረፈውን ረኃብ ይጠብቀዋል።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የሕክምና ፋኩልቲ ገና አልተከፈተም ነበር። የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት ሲሆኑ፥ ከእነርሱም የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎችና በከተማ የሚኖሩ ነበሩ። አንድ ሐኪም ለማሠልጠን ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ የገጠሩ ሕዝብ በማን ይረዳ የሚለው ጥያቄ ፈጣን መልስ የሚሻ ሆነ።

መልሱም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ያቆመውም የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን፥ የዓለም የጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና ፖይንት ፎር በመባል ይታወቅ የነበረው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ተባብረውታል። የከተማው ሆስፒታልም የተማሪዎቹ መለማመጃ ሆነ።

የትምህርቱ ዓይነት

ኮሌጁ በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። እነዚህም በሽተኛ መርምረው የሚያክሙና ጤና ጣቢያ የሚመሩ የጤና መኮንኖች፥ እናቶችንና ሕፃናትን የሚከታተሉ የማኅበረሰብ ነርሶች፥ እንዲሁም ሳኒታሪያን የሚባሉት የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂዎች ናቸው። ሦስቱም በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ፥ ጣቢያውም ለ50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር።

የአሳቡን ጥቅም በምሳሌ ለመረዳት ይቻላል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ የጤና መኮንኑ መርምሮ ያክመዋል፤ ነርሷ እናቲቱን ስለ ምግቡና ስለሚጠጣው ፈሳሽ ታስተምራለች፤ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ወደ መንደሩ ሄዶ ሰውና ከብት ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ መሆኑን አይቶ ምንጩ እንዲከለል ያደርጋል። ሕፃኑ ብቻ ታክሞ ምንጩ እንዳለ ቢተው፥ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሕፃን ወይም ወንድሙ ተመልሶ ይመጣል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህም ሥራ በክፍል ውስጥ ብቻ ስለማይለመድ፥ ተማሪዎቹ በደምቢያ ወደምትገኘው ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ሄደው፥ በልዩ ልዩ ሙያ ያሉት በአንድነት እየኖሩ ሕዝቡን በማገልገል ይማሩ ነበር። ይህ የቡድን ትምህርት የጎንደር ልዩ ምልክት ሆኖ እስከ ዛሬ ቈይቷል። የአሳቡም ተገቢነት ወዲያው ተገለጠ፤ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷልና፤ ይህን የሚያህል ሕመም በከተማ ሆስፒታሎች ብቻ የሚመለስ አልነበረም።

እድገቱ

በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ኮሌጁ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር ከሚገኘው ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በመተባበር ሐኪሞችን ማስተማር ተጀመረ። የጤና መኮንኖች ትምህርት በዚያ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ነገር ግን ገጠሩ ያለ እነርሱ እንደማይዘለቅ ስለ ታወቀ በ1980ዎቹ እንደ ገና ተከፈተ። በ1996 ዓ.ም. ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የዛሬው አገልግሎት

ሆስፒታሉ ዛሬ በውስጥ ደዌ፥ በቀዶ ጥገና፥ በሕፃናት፥ በማሕፀንና ጽንስ፥ በዓይንና በሌሎችም ክፍሎች ያክማል። ከእነዚህ ሌላ በካላ አዛር ሕክምናና ምርምር የታወቀ ነው። ይህ በሽታ የአሸዋ ዝንብ በምትባል ከትንኝ በምታንስ ነፍሳት ይተላለፋል። በብዛት የሚያገኘውም ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደውን፥ ሌሊቱንም ከግራር ሥር በሜዳ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ነው። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቈይ ትኵሳት፥ የጣፊያ እብጠትና ክሳት ነው። ትኵሳቱን ብቻ አይቶ ወባ ነው በማለት ብዙ ሰው ይዘገያል፤ ካልታከመም ይገድላል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት በመርፌ ለ17 ቀን በመስጠት ግን የሚበዙት ይድናሉ። እንግዲህ የደምቢያ ገበሬ በአዝመራ ወራት እንደ ወደቀ ሁሉ፥ ዛሬም የአዝመራው ሠራተኛ የሆስፒታሉን እርዳታ የሚሻ ነው።

ሕዝቡ ሊያውቀው የሚገባ

ማናቸውም በሽተኛ በመጀመሪያ በቅርቡ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ቢሄድ፥ ከዚያም አቅም በላይ ሲሆን የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ቢመጣ ይጠቀማል። ቀላሉ ሕመም ሁሉ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቢጐርፍ፥ በጽኑ የታመመው በወረፋ ብዛት ይጐዳል። ሁለተኛም፥ በአልጋው ዙሪያ ብዙ ተማሪዎች ሲቆሙ በሽተኛው መደንገጥ አይገባውም፤ የሚሠሩት በመምህራቸው ኃላፊነት ሥር ነውና። ሆኖም ሊመረምሩት ሲሹ ፈቃዱን መጠየቅ፥ ገመናውን መሸፈንና ምሥጢሩን መጠበቅ ግዴታቸው ነው፤ በሽተኛውም አልፈቅድም ለማለት መብት አለው።

ለመማሪያ ሰውነቱን የሚፈቅድ በሽተኛ፥ ወደፊት በማያውቀው መንደር ለሚታመም ሌላ ሰው ትልቅ እርዳታ ያደርጋል። ከአልጋው አጠገብ የተማረው ወጣት ነገ ከሩቅ ጤና ጣቢያ ብቻውን ተቀምጦ ሌላውን የሚያድን እርሱ ነውና።