የኑግ ዘይት የሚሠራውና የማይሠራው

በልደታ ቤት ለቤት ስዞር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ አስቆመችኝ። «ሲስተር» አለችኝ (ነርስ ባልሆንም ሰፈር ውስጥ ስሜ እሱ ነው)፣ «እማዬ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ትታ ጠዋት ጠዋት የኑግ ዘይት እየጠጣች ነው። ኦሜጋ ስላለው በሽታ ያጠፋል ብለዋታል። እውነት ነው እንዴ?»

ኦሜጋ አለው የሚለው እውነት ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ወይም ኦሜጋ 6 የሚባለው የቅባት አሲድ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችሁን ብትጠይቁ 18 ካርቦንና ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሰንሰለት ነው ይሏችኋል። ሁለተኛውን ትስስር ዕፅዋት ይሠሩታል፤ የእኛ ሰውነት ግን እዚያ ቦታ ላይ ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ የግድ ከምግብ መምጣት አለበት። ይህን በ1929 እ.ኤ.አ. ያሳዩት አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ጆርጅና ሚልድሬድ በር ናቸው። ቅባት የሌለበት ምግብ የሰጧቸው አይጦች ቆዳቸው ተቀረፈ፣ ዕድገታቸውም ቆመ።

በሰውነታችን ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ ቆዳ ውኃ እንዳያባክን ያደርጋል፤ የሕዋስ ሽፋንም ይሠራበታል። የአገራችን ኑግ ዘይት ከመቶ 70 ያህሉ እሱ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን 10 ገደማ ብቻ ነው ያለው። በክረምት ጠዋት ፓልሙ ሲረጋ ኑጉ የሚፈሰውም ድርብ ትስስሩ ስለሚበዛ ነው። ተልባም የግድ የሚያስፈልግ አሲድ አለው፤ የእሱ ግን ሌላው ዓይነት፣ ኦሜጋ 3 ነው።

ታዲያ ብዙ መጠጣት አያስፈልግም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት 9 ግራም ያህል ሊኖሌይክ አሲድ ይሰጣል፤ የጾም ወጥ የሚበላ ሰው ያገኘዋል። ዘይቱን ከፀሐይ አርቁት። ሳምቡሳ ደጋግሞ የተጠበሰበትን ደግሞ ድፉት፤ ያ ድርብ ትስስር በሙቀትና በአየር ቶሎ ይበላሻል።

ቫይረሱን ግን ዘይት አይነካውም። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው መድኃኒት ነው መራባቱን የሚገታው። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ይህንን ለእናትየው ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ክኒኑ ሰልችቶኝ ነው እንጂ ዘይቱንስ አላመንኩትም ነበር» አለች። በማግስቱ ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን። ያቋረጠችው 11 ቀን ነበር። ነርሷ ሳትቆጣ መድኃኒቱን አስጀመረቻትና ለደም ምርመራ ቀጠረቻት። ልጅቷ ስትመለስ የእናቷን ክንድ እንደያዘች ነበር።

ስለ ዘይት ካነሳን በክበባችን አንድ ልጅ አፍሮ በወረቀት ጽፎ የጠየቀኝንም ልመልስ። ኮንዶም ላይ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ቅባት አይደረግም። ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳውና ይቀደዳል። ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራው ፋርማሲ ይገኛል።