የኤአይ ረዳት ከሙዚየም መዝገብ ጋር እንዴት ይገናኛል? ለመምህሩስ ምን ይጠቅማል?



በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የዛሬው ትምህርታዊ ጽሑፋችንም ከዚህ አባባል የራቀ አይደለም። ብዙዎቻችን ትምህርት ስናዘጋጅ በስልካችን ላይ ያለውን የኤአይ ረዳት እንጠይቃለን። ጥያቄያችን ስለ ጥንታዊ ሥዕል፣ ስለ ብራና መጽሐፍ ወይም ስለ ዘውድ ሲሆን ረዳቱ መልሱን ከየት ያመጣዋል? ከትዝታው ነው ወይስ ከዕቃው መዝገብ? እኛ እጩ መምህራን ነን። ነገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን ስሕተት ተማሪው እንዳለ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ከደብተሩም ለታናሽ ወንድሙ ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል።

ሀ/ ረዳቱ ብቻውን ሲሆን

የኤአይ ረዳት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቶት የሠለጠነ ፕሮግራም ነው። ያነበበውን ሁሉ እንደ መጻሕፍት ቤት ደርድሮ አልያዘም፤ በይበልጥ የያዘው ቃል ከቃል እንዴት እንደሚከታተል ነው። ስለሆነም በዓለም ስለ ታወቀ ሥዕል ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ በትክክል ይመልሳል፤ ምክንያቱም ስለዚያ ሥዕል ብዙ ተጽፏል። እምብዛም ያልተጻፈለት ዕቃ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የሠዓሊ ስም፣ ዘመን፣ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀር አሳምሮ ሊፈጥር ይችላል። ዋሽቶ ለማታለል አስቦ አይደለም፤ ባዶውን ቦታ መሙላት ስለ ለመደ ነው። የአገራችን ቅርሶች ደግሞ በውጭ ቋንቋ ብዙ ካልተጻፈላቸው ወገን ስለሆኑ ጉዳቱ ወደ እኛ ያዘነብላል።

ለ/ የሙዚየሙ መስኮት

በኒውዮርክ ከተማ የሚገኘውን የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1870 የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የባለቤትነት መብት ገደብ የሌለባቸውን ሥራዎች ምስሎች፣ ቁጥራቸው ከ375,000 በላይ የሆኑትን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኤፒአይ የሚባለውን ነገር ከፈተ።

ኤፒአይ ምንድን ነው? ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብንሄድ ውስጥ ገብተን መደርደሪያውን አናገላብጥም። በመስኮቱ በኩል ፎርም ሞልተን እንሰጣለን፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን አውጥቶ ያቀብለናል። ኤፒአይም ልክ እንደዚህ ያለ መስኮት ነው፤ ልዩነቱ ፎርሙን የሚሞላው ሰው ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም መሆኑ ነው። የሜትሮፖሊታኑ መስኮት ከ470,000 በላይ የሆኑ ዕቃዎችን ካርድ ያወጣል። ይለፍ ቃልም ምዝገባም አይጠይቅም፤ የሚለምነው በአንድ ሴኮንድ ከ80 ጥያቄ በላይ እንዳይላክበት ብቻ ነው።

ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፍለጋ ነው። አንድ ቃል ሲላክ የተገኙት ዕቃዎች ብዛትና ቁጥሮቻቸው ይመለሳሉ፤ ሌላ ነገር የለም። ሁለተኛው ካርዱን መጠየቅ ነው። የዕቃው ቁጥር ሲላክ ርእሱ፣ ዘመኑ፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ፣ የመጣበት አገር፣ ሠሪው ከታወቀ ስሙ፣ ሙዚየሙ እንዴት እንዳገኘው የሚናገረው መስመር፣ እንዲሁም ምስሉን በነፃ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል።

ሐ/ ማገናኘት ማለት ምን ማለት ነው?

መስኮቱ ተከፍቷል፤ ረዳቱ ግን ወደ መስኮቱ የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል። ቀደም ሲል ለእያንዳንዱ ረዳትና ለእያንዳንዱ ሙዚየም የተለየ ማገናኛ መጻፍ ነበረበት። ሦስት ረዳቶችና አራት ሙዚየሞች ቢኖሩ 3 × 4 = 12 ማገናኛ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘ የጋራ ስምምነት ይፋ አደረገ። ይህም ለሁሉም መስኮት የሚሆን አንድ ዓይነት ፎርም እንደ ማውጣት ነው። ሁሉም በዚህ ከተስማሙ ለሦስቱ ረዳቶች ሦስት፣ ለአራቱ ሙዚየሞች አራት፣ በድምሩ 7 ይበቃል። ቁጥሩ ሲበዛ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ እናንተው አስሉት።

አሠራሩ በቅደም ተከተል ሲታይ እንዲህ ነው።

1ኛ/ ፕሮግራም አዋቂ የሆነ ሰው በረዳቱና በሙዚየሙ መካከል የሚቆም አነስተኛ ፕሮግራም ይጽፋል። ፕሮግራሙ ለረዳቱ መሣሪያዎቹን ያስተዋውቃል፤ «ይህ መፈለጊያ ነው፣ ቃል ስጠኝ፤ ይህ ካርድ ማውጫ ነው፣ ቁጥር ስጠኝ» እንደ ማለት።
2ኛ/ እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን። ረዳቱ ጥያቄውን አይቶ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ይመርጣል።
3ኛ/ ፕሮግራሙ ወደ ሙዚየሙ መስኮት ሄዶ መልሱን ያመጣል።
4ኛ/ ረዳቱ ካርዱን አንብቦ በአማርኛ ያስረዳናል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በመገናኘቱ ረዳቱ ይበልጥ አዋቂ አልሆነም። የተለወጠው ከትዝታው ከመናገር ይልቅ ሄዶ ማየት መቻሉ ነው።

መ/ አንድ ምሳሌ

በዚሁ ሙዚየም ውስጥ የመዝገብ ቁጥሩ 1998.66 የሆነ የአገራችን የብራና ወንጌል አለ። ካርዱ እንደሚለው ከጣና ሐይቅ አካባቢ የተገኘ ሲሆን፣ ዘመኑ ከ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። ገጾቹ ብራና፣ ገበታው የግራር እንጨት ነው። በውስጡ ሙሉ ገጽ የያዙ ሥዕሎች አሉ፤ የክርስቶስን ሕይወትና የወንጌላውያኑን መልክ ያሳያሉ።

አሁን ተማሪ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ማን ነው የሣለው?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ያልተገናኘው ረዳት አንድ ስም ጣል ሊያደርግልን ይችላል። በካርዱ ላይ ግን የሠዓሊ ስም የለም። «ስሙ አልተመዘገበም» ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተማሪው ለምን እንዳልተመዘገበ እንዲጠይቅ በር ይከፍትለታል፤ የውሸት ስም ግን በሩን ይዘጋበታል።

ሠ/ ማገናኘቱ የማይፈታው ችግር

ታዲያ ከተገናኘ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ነው? አላለቀም።

መጀመሪያ የቋንቋ ጉዳይ አለ። ካርዶቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ረዳቱ የእኛን ቃል ተርጉሞ ይፈልጋል። ጎንደርን ወይም እቴጌ ምንትዋብን በላቲን ፊደል የሚጽፏቸው ሰዎች አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። በአንዱ አጻጻፍ ተፈልጎ ያልተገኘ በሌላው ሊገኝ ይችላል። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፍለጋው ቃሉ ያለበትን ካርድ ሁሉ ሊያመጣ ይችላል። ኢትዮጵያ የሚለው ስም በካርዱ ላይ ስለ ተጠቀሰ ብቻ ዕቃው የኢትዮጵያ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። አገሩ የተጻፈበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ካርዱም የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ነው። በ1998.66 ካርድ ላይ ሙዚየሙ ዕቃውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ሮጀርስ ፈንድ በሚባለው ገንዘብ መሆኑ ተጽፏል። ይህ መስመር መጽሐፉ በምን ገንዘብ እንደ ተገዛ ይናገራል እንጂ ከጣና እስከ ኒውዮርክ ያደረገውን ጉዞ አይተርክም። ረዳቱም ካልተጻፈ መስመር ማንበብ አይችልም። ወደ ለንደን እንሻገር። በዚያ በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላ የወርቅ ዘውድ አለ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እንዳሠሩት ይገመታል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ነው። ስለ ዘውዱ ክብደትና ጌጥ ብቻ የጠየቀ ሰው ስለ ክብደትና ጌጥ ብቻ መልስ ያገኛል። «እንዴት እዚያ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ መምህር ነው። ጥያቄውን ማሽኑ አያመጣልንም።

ረ/ ከእኛ ከመምህራን ምን ይጠበቃል?

— ረዳቱን የመዝገቡን ቁጥር እንጠይቀው። ቁጥሩን ካልሰጠ መልሱን ሰሌዳ ላይ አንጻፍ።
— በቁጥሩ ራሳችን ካርዱን ከፍተን እናመሳክር። ረዳት ሌላ፣ ምስክር ሌላ ነው።
— «ከካርዱ ያገኘኸውንና የራስህን ማብራሪያ ለያይተህ ጻፍልኝ» እንበለው።
— ምስሉን ከማባዛታችን በፊት በነፃ መጠቀም መፈቀዱን እንይ።
— ክፍላችን ውስጥ ኢንተርኔት ባይኖርም ተስፋ አንቁረጥ። አንድ መምህር አንድ ቀን ከተማ ወርዶ ሃያ ካርድ ቢገለብጥ፣ በማኒላ ወረቀት ላይ ሥዕሉን አሳድጎ ከሥሩ ዘመኑን፣ የተሠራበትን ነገርና የመዝገብ ቁጥሩን ቢጽፍ፣ ለዓመታት የሚያገለግል የትምህርት መርጃ ይሆናል።

በአጭሩ፣ ግንኙነቱ ለገጠር ትምህርት ቤት እንኳ ሩቅ ያለውን ሙዚየም ያቀርባል። ሆኖም ተማሪው የሚያምነው ማሽኑን ሳይሆን እኛን ነው። እምነቱንም የምንጠብቅለት ካርዱን በራሳችን ዓይን ስናየው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አምስት ረዳቶችና ስምንት ሙዚየሞች ቢኖሩ፣ በቀድሞው መንገድ ስንት ማገናኛ ያስፈልጋል? በጋራ ስምምነቱስ?
2. «የሠዓሊው ስም አልተመዘገበም» የሚለውን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ታስረዳላችሁ?
3. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ቅርስ ካርድ ቢዘጋጅለት ምን ምን መስመሮች ሊኖሩት ይገባል? ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ለጥፉልን።