በራስ ላይ የተሰጠ ቃል

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ዌስትላንድስ የተባለው አካባቢ ይገኛል። አካባቢው በይበልጥ የሚታወቀው በንግድ ቤቶቹና በመኖሪያ ሕንፃዎቹ ቢሆንም፣ በዚያው ክልል በፓርክላንድስ ሠፈር የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለ። በኬንያ የማስረጃ ሕግን የሚያጠና ሰው ሳያነብ ከማያልፋቸው የይግባኝ ፍርዶች አንዱ በ1967 የተሰጠው የቱዋሞይ ፍርድ ነው። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የኬንያና የዩጋንዳ ዘመናት የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩ የተነሣው በዩጋንዳ ነው። በዚያን ጊዜ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣውን ይግባኝ ይመለከት የነበረው መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነበር፤ ይህም ፍርድ ቤት በ1977 ፈርሷል። ለዳኞቹ የቀረበላቸው ጥያቄ፣ በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው አስቀድሞ በራሱ ላይ የሰጠውን የእምነት ቃል በችሎት ፊት አልቀበልም ቢል ቃሉ ምን ያህል ይታመናል? የሚል ነበር። በጥያቄው ላይ የተንጠለጠለው የሰው ሕይወት ነው፤ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው የሚጠብቀው ስቅላት ነበርና።

የእምነት ቃሉን የማይቀበል ተከሳሽ ከሁለት አንዱን ይላል። «ቃሉን ሰጥቻለሁ፤ ነገር ግን ተደብድቤ ወይም ተደልዬ ነው» ካለ ቃሉን አጠፈ ይባላል። «እንዲህ ያለ ነገር ከቶ ከአፌ አልወጣም» ካለ ግን ቃሉን ካደ እንጂ አጠፈ አይባልም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለቱን ለይቶ ካየ በኋላ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ወሰነ። ዳኛ እንዲህ ያለውን ቃል በጥርጣሬ ዓይን መመልከት ይገባዋል፤ እንደ ልማዱም ከሌላ ወገን የመጣ የሚያጠናክር ማስረጃ መፈለግ አለበት። ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ መርምሮ ቃሉ እውነት ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆን እንደማይችል ፈጽሞ ካመነ፣ በዚያው ቃል ብቻ ሊፈርድ ይችላል። ይህ የመጨረሻው በር ጠባብ ነው፤ አለመዘጋቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚህ የሚከብደው የግብረ አበር ነገር ነው። በወንጀሉ የተካፈለ ሰው የሠራውን ስለሚያውቅ ከማንም ይልቅ ሊናገር ይችላል። ይሁንና የራሱን ሸክም ለማቅለል ሲል ከፍ ያለውን ጥፋት በጓደኛው ላይ ቢጭን ማን ያውቃል? በምስክር ሳጥን ቆሞ፣ ምሎ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ከተጠየቀ ቢያንስ ቃሉ ይፈተናል። በፖሊስ ፊት የሰጠው የእምነት ቃል ለችሎት በጽሑፍ ሲቀርብ ግን ወረቀት አይጠየቅም። ስለዚህ የኬንያ ሕግ ዳኛ የአንዱን ተከሳሽ የእምነት ቃል በሌላው ተከሳሽ ላይ ግምት ውስጥ ሊያስገባው እንደሚችል ቢፈቅድም፣ ፍርድ ቤቶች ሌላውን ማስረጃ ከመደገፍ ያለፈ ክብደት አይሰጡትም።

በቅርብ ዘመን በናይሮቢ የታየው የዊሊ ኪማኒ ጉዳይ ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ ሰብስቦ ያሳያል። ጠበቃው ኪማኒ፣ ፖሊስ ተኩሶ አቁስሎኛል ብሎ የከሰሰው ደንበኛው ጆሴፋት ምዌንዳና የታክሲ ነጂው ጆሴፍ ሙይሩሪ ሰኔ 23 ቀን 2016 ከማቮኮ ፍርድ ቤት ሲመለሱ ተይዘው ጠፉ። ከቀናት በኋላ አስከሬናቸው በኦል ዶንዮ ሳቡክ አጠገብ ከወንዝ ወጣ። ከተከሳሾቹ አንዱ ለፖሊስ መረጃ ያቀብል የነበረ ሲቪል ነው። እርሱም የእምነት ቃሉን ከሰጠ በኋላ በግዳጅ የተወሰደብኝ ነው ሲል አጠፈው። ስለዚህ ዋናው ሙግት ቆሞ፣ ቃሉ በፈቃድ የተሰጠ መሆኑ በፍርድ ውስጥ በተደረገ ሌላ ፍርድ ተመረመረ፤ ቃሉም ተቀባይነት አገኘ። ዳኛዋ ጄሲ ሌሲት ግን በእርሱ ብቻ አልቆሙም፤ የሞባይል ስልኮች መዝገብንና ሌሎች ማስረጃዎችንም መረመሩ። በሐምሌ 2022 ሦስት ፖሊሶችና መረጃ አቀባዩ ጥፋተኛ ሲባሉ አንድ ፖሊስ በነጻ ተለቀቀ። በየካቲት 2023 ዋናው ተከሳሽ ሞት ሲፈረድበት፣ ሌሎቹ 30፣ 24 እና 20 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኬንያ ለነፍስ ግድያ ሞት የግድ መሆኑ በ2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስለ ቀረ፣ ቅጣቱ እንደየጥፋቱ ሊለያይ ችሏል።

ሕጉም ቢሆን በአንድ ቦታ አልቆመም። ኬንያ በ2003 በፖሊስ ፊት የሚሰጥን የእምነት ቃል ከለከለች፤ በ2007 ደግሞ ተከሳሹ የመረጠው ሰው ባለበት፣ ጉዳዩን የማይመረምር፣ ከዋና ኢንስፔክተር ያላነሰ ማዕረግ ያለው መኮንን እንዲቀበል ፈቀደች። በኢትዮጵያ በኩል የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ እንዲናገር መገደድ እንደሌለበትና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል።

ጥያቄ፦ ቃልን በማጠፍና ቃልን በመካድ መካከል ያለውን ልዩነት ከምንባቡ አውጥታችሁ አስረዱ። ይግባኝ ሰሚ ዳኛ የምስክሩን ፊት አያይም፤ የሚያነበው መዝገቡን ነው። ይህ የግብረ አበርን ቃል ለመመዘን ምን ችግር ይፈጥርበታል? ተከፋፍላችሁ በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።